የሹፌሩ ብርጭቆ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬም አራት እንግዳ ከቤይሩት። ሦስት የወይን እርሻ አዳረስኳቸው፤ መጨረሻው እንደተለመደው የአማቼ፣ የሚስቴ አባት የአቡ ኤልያስ ግቢ። እነሱ ወይን ሲቀምሱ እኔ ውሃዬን ጠጣሁ። ችግሩ ስንወጣ ነው። አማቼ በር ላይ ሙሉ ብርጭቆ ይዘው ይቆማሉ።

"ጠጣ ዋዲዕ ልጄ! ሹፌር ሳይጠጣ ከወጣ ጎረቤት ወይኑ ኮምጥጧል ብሎ ያወራል።"

ጎረቤት ደግሞ አጥር ተደግፎ ያያል። እምቢ ልበል? የምኖረው በሳቸው ቤት ፎቅ ላይ፣ የምነዳው የሳቸውን መኪና... ዞር ሲሉልኝ በሩ ጋ ያለው የበሶብላ ማሰሮ ውስጥ ደፋሁት። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዛሬ ዞር አላሉም። ዓይን ዓይኔን እያዩ አንድ አስጠጡኝ። "ድገም!" ብለው ደገሙኝ።

እንግዶቹን ወደ ቤይሩት ስመልስ ዳህር ኤል ባይዳር ተራራ ላይ ጉም። የጭነት መኪና ድንገት ከፊቴ ድቅን አለ። ፍሬን የያዝኩት ዘግይቼ ነው... ለጥቂት ተረፍን። አምስት ነፍስ! ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት "ልጅ አለህ?" አሉኝ። "ሁለት" አልኩ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ለሪንዳላ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ "አባዬን ሰው ፊት እንዳታዋርደው" አለች ሚስቴ። እኔ ብሞትስ? አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

በሶብላው ደረቀ። አማቴ እማማ ሰልማ "የሰው ዓይን ነው" ብለው አዲስ ተከሉ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አፈርኩ። ዛሬም ደፋሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ተያዝኩ። ስደፋ አማቼ አዩኝ።

"ለቅጠል ነው እንዴ የምጠምቀው?"

ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ... "አባባ፣ ዛሬ አብረውኝ ይሂዱ" አልኩ። እልህ ይዟቸው ጋቢና ገቡ። ያንን ተራራ ካለፉ ስንት ዘመናቸው! ጉሙ ሲውጠን ወሬያቸው ቆመ። የበሩን እጀታ ጨበጡ። "ቀስ በል... ቀስ..." እንግዶቹን ቤይሩት አድርሰን ተመለስን። ግቢ ስንደርስ "በየሳምንቱ ይሄን ነው የምትወርደው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

የመኪናውን በር ቀስ ብለው ዘግተው ቤት ገቡ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

በር ላይ ያው ሙሉ ብርጭቆ። ምንም አልገባቸውም ማለት ነው? ቀመስኩ... ጣፋጭ! የእማማ ሰልማ የእንጆሪ ሽሮፕ። መልኩ ቁርጥ ወይን። አማቼ ጠቀሱኝና "እስከ ታች!" አሉ። ጨለጥኩት። አጥር ላይ ያሉት አጨበጨቡ።

አንዷ እንግዳ ግን መኪናው በር ላይ ቆመች። "ከሱ ጋር አልሄድም። ሲጠጣ አይቼዋለሁ።" የገቡትም ወረዱ። ምን ልበል? ዝም ብል እንግዶቼ ቀሩ። ሽሮፕ ነው ብል አማቼን በሰፈር ፊት አዋረድኳቸው።

አማቼ አጥሩን አዩ። ተራራው ላይ የተኛውን ጉም አዩ። ጠርሙሱን ከበሩ ኋላ አወጡና ለሴትየዋ ቀዱላት።

"ቅመሺው ልጄ፣ ሽሮፕ ነው። የኔ ሹፌር ወይን አይጠጣም!" ጮክ ብለው ነው ያሉት።

"ኮምጥጦ ነዋ!" አለ አንዱ ጎረቤት። ሁሉም ሳቁ።

የአማቼ ጆሮ ቀላ። "ይኮምጥጥ!" አሉ። "ልጄ በደህና ይመለስልኝ።"

እንግዶቹ ገቡ። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ስመለስ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር... ባዶ እጃቸውን።