እምቢ ማለት ላቃተው ባሌ

አስቼ ሆዴ፣

ባሕሩ ካስቀረህ ወር አልፎ አርባህ እየተቃረበ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ እውላለሁ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ተናድጄብሃለሁ። እሱን መጀመሪያ ስማኝ።

እናትህ መሞትህን አታውቅም። ጅቡቲ ላይ እንደቀበሩህ ስልክ ሲደወልልን እሷ የዓይኗ ሞራ ተገፎላት ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። አጎትህ አያ ሞላ ዘመዱን ሰብስበው ዓይኗ እስኪድን መርዶው ይቆይ አሉ፤ ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሚስትህ እኮ ነኝ። ይኸው ፀዳ ባለው ቤታችን ጠዋትና ማታ ዓይኗ ላይ ጠብታ እያደረግሁላት፣ ልጄ ደወለ ወይ ስትለኝ ኔትወርክ የለም እያልኩ እኖራለሁ። ልቅሶዬ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እከፍታለሁ።

ቤቱ ምን መሰለ ብትለኝ፣ ጀምረህ የተውካት የጓሮ ክፍል ቆርቆሮዋ ተመታ። ሥራው ከቆመ እናትህ ትጠረጥራለች ብለው አናጢ አመጡ። በመርዶህ ሰሞን ጣሪያ ላይ መዶሻ ሲንኳኳ ይውላል፣ እኔ ከታች ለአናጢዎቹ ምሳ አቀርባለሁ። እጅህ ይባረክ አስቻለው፣ ለዚህ ነው ያገባኸኝ?

መጀመሪያ ያየሁህ ለጥምቀት ጎንደር ቀሐ፣ መጠመቂያው ላይ ነበር። ውሃው ውስጥ ልትዘል ስትል ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጫማህን ለእኔ አስያዝከኝ። እየተንቀጠቀጥክ ወጥተህ ስትቀበለኝ አስቸገርኩሽ፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ እያልክ መሄጃ አሳጣኸኝ። ሰው ቅር የሚለው ከመሰለህ እንቅልፍ አይወስድህም። ያኔ ሸጋ ልጅ ነው ብዬ ወደድኩልህ። የማላውቀውን ነገር ነው የወደድኩት።

ወደብ ላይ የጉልበት ሥራ እሠራለሁ ብለህ ሄደህ ጠላቂ ሆነህ ተመለስክ። አየር የተሞላ ሲሊንደር ጀርባህ ላይ አዝለህ፣ የሰጠሙ መርከቦችን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ከባሕር በታች ታስጎበኝ ጀመር። አሮጌ ጀልባ ዘይቱን ጠርገው፣ ዓሣ ይራባበት ብለው ሆን ብለው ያሰጥማሉ ስትለኝ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ፎቶውን አሳየኸኝ፤ በጀልባዋ መስኮት ቢጫ ዓሣ ሲወጣ አየሁ፣ አማረኝም። ለእናትህ ግን እስከ መጨረሻው ዕቃ አወርዳለሁ አልካት። እንዳትጨነቅ ነው ብለህ እኔንም አስዋሸኸኝ።

ሕጉን እኔ ራሴ እስካውቀው ድረስ እንደ ዳዊት ደግመህልኛል። መርከብ ሆድ ውስጥ ሲገባ አየሩ ሲሶው ለመግቢያ ነው፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ለክፉ ቀን የተቀመጠውን የነካ ጠላቂ አይደለም ትል ነበር። ማን ነካው ታዲያ?

አብሮህ የሚጠልቀው ጓደኛህ ሻንጣህን ይዞ ጎንደር ድረስ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። ጨርሳችሁ ወጥታችሁ ነበር። ጀልባው ላይ ሆናችሁ አንዱ እንግዳ ካሜራዬን የሰጠመው መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ረሳሁት አለ። ያንተ ሲሊንደር ውስጥ የቀረው ለክፉ ቀን የተቀመጠው ብቻ ነው። ጓደኛህ ነገ እናወጣዋለን፣ ካሜራው የትም አይሄድም አለህ። አንተ ሰውዬው ቅር ይለዋል፣ አሁን መጣሁ ብለህ ተመልሰህ ጠለቅክ። መስመር የሚያሳየውን ገመድ እንኳ አልዘረጋህም፣ መርከቡን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ ብለህ። የመርከቡ ወለል ደለል ተነሥቶ ውሃው ደፈረሰ፣ በሩ ጠፋህ። በሩ አጠገብ ነው ያገኙህ፤ ካሜራው ክንድህ ላይ ታስሯል።

ሰውዬው ካሜራውን እያለቀሰ ተቀበለ አሉኝ። ያልቅስ። ስምህን በትክክል መጥራት እንኳ የማይችል ሰው ነው ቅር እንዳይለው የፈራኸው። እኔስ? እኔ ቅር እንደሚለኝ አንድ ቀን አስበህ ታውቃለህ? ይሉኝታህ ለዓለም ሁሉ ተርፎ ለእኔ ነው ያነሰው። ተቀይሜሃለሁ አስቼ፣ የምሬን ነው።

አሁን የእናትህ ዓይን ድኗል፤ ሐኪሙ ትናንት አይቶ ሕክምናዋን ጨርሳለች አለ። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። አያ ሞላ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? በወባ ሞተ እንበላት። ሰው ወዶ ባሕር ውስጥ ገብቶ ሞተ ከተባለ አገር ምን ይለናል አሉ። ሌላ ውሸት ሊጨምሩልኝ ነው። እሱንም ዕድሜ ልኬን ከእናትህ ጋር እየበላሁ እየጠጣሁ እንድሸከመው።

እኔ አያ ሞላ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ብቻዬን ቤታቸው ሄጄ አይሆንም አልኳቸው። የሞተበትን እነግራታለሁ፣ ምን ሥራ እንደነበረውም እነግራታለሁ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ተቆጡ። የሰው ሚስት እንዲህ አይደለችም አሉ። ቆሜ ጠበቅኋቸው። በመጨረሻ እንግዲያው አንቺው ንገሪያት፣ እኛ ከኋላሽ እንቆማለን አሉኝ። እምቢ ማለት እንዲህ ነው አስቼ። ቀላል አይደለም። ግን አይገድልም።

እንዳልረሳህ ቃሌ ነው። ደግ ነበር ብዬ ብቻ ግን አላነሣህም። ያን ቢጫ ዓሣ ስታሳየኝ እንደ ልጅ እንደፈነደቅከው፣ እንዳስዋሸኸኝ፣ ለሰው ካሜራ ብለህ ጥለኸኝ እንደሄድከው፣ እንዳለህ እንደነበርክ ነው የማነሣህ።

ጥቁሩን ቀሚስ ተኩሼ አስቀምጫለሁ። ነገ ከእናትህ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ዝም በይ ሳይለኝ፣ እስኪወጣልኝ ድረስ አለቅስልሃለሁ።

ሚስትህ