አርባ ሁለተኛው ጥያቄ

ደባርቅ፣ ሰኔ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

በሩብ ሰዓት ለምትበልጠኝ ታላቅ ወንድሜ ለሰጠኝ፣

የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ክረምቱ ሳይገባ ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ አስደርቦናል እንጂ ሁላችንም ደህና ነን። እምዬ ደህና ናት። አባባም ደህና ናቸው፤ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን እንደ ልማዳቸው ሲገሥጹ ይውላሉ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርሁህ ያባባን ስልክ ስለምታውቀው ነው። አንተ ጅማ ሆነህ ስትናገር ከአጥር ማዶ እትዬ አበባየሁ ይሰማሉ። ደብዳቤህን ከሹፌሩ ከያርጋል እጅ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤ እቤታችን ማንም የማይከፍተው የፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅሁት።

«የገባሁበት የዩኒቨርሲቲ ቦታ ያንቺ ነው፤ ትምህርቱን ትቼ መጥቼ ላባባ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» ብለሃል። መጀመሪያ ወሬዬን ስማኝ፣ ከዚያ እንጣላለን።

ማትሪኩን ባለፈው ሳምንት ደግሜ ተፈተንሁ። የግል ተፈታኞች ክፍል ሰርግ ቤት ነው የሚመስል። አንዷ ሕፃኗን በር ላይ ለእናቷ ታስይዝና በየፈተናው መሃል እየወጣች ታጠባለች። የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ ላቀው ዘንድሮ አራተኛቸው ነው። «አይሰለችዎትም ወይ?» ብላቸው፣ «ጭላዳ ዝንጀሮ ስቆጥር አሥራ አምስት ዓመቴ ነው ልጄ። ጭላዳ ቦታ ይቀያይራል፤ ጥያቄ ባለበት ይቆማል» አሉኝ።

እትዬ አበባየሁን ደግሞ አልነገርሁህም። ልፈተን ስወጣ ባጥሩ በኩል፣ «የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው፤ ጭንቅላቱን ግን ሰጠኝ ጠቅልሎት ሄደ፤ ለዚች ምን ተረፋት?» ሲሉ ሰማኋቸው። እምዬ ዝም የምትል መሰለህ? «ምላሱማ እናንተ ቤት ተርፏል» አለቻቸው። ሁለቱ እስከ ሚካኤል አይነጋገሩም።

አባባ ግን፣ «ዳዊት በየቀኑ ይደገማል፤ ፈተና ቢደገም ምን ነውር አለው?» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ምርቃቱን ሲጨርሱ ቀስ ብለው፣ «ዘንድሮ ካልሆነ ግን ዛሪማ ወርደሽ ካክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ። ሦስተኛ የለም» አሉ። እሳቸው አንድ ጊዜ ካሉ እንዳሉ ናቸው። እኔ ለዛሪማ ሙቀት አልተፈጠርሁም፤ ለማንኛውም አክስታችን ስትደውል እሺም እምቢም አላልኋት።

አሁን ወደ ጠባችን።

አምና ያጎራበተን ስማችን ነው። በፊደል ተራ ሰጠኝ ወልደ ሩፋኤል፣ ቀጥሎ ስጦታ ወልደ ሩፋኤል፤ አንተ ፊት፣ እኔ ኋላ። የወንበርህን እግር በጫማዬ ጫፍ አንዴ ስመታ ኤ፣ ሁለቴ ቢ፣ ሦስቴ ሲ፣ አራቴ ዲ። ዘዴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሒሳብ ሲባል ላብ እንደሚያጠምቅህ ስለማውቅ። ከዚያ ያንተ ሒሳብ ሰባ አንድ መጣ፣ የኔ ሠላሳ ስምንት። ነጋሪዋ ሠላሳ ስምንት፣ ሰሚው ሰባ አንድ። አገሩ ሁሉ ያንተን ጉብዝና ሲያወራ እኔ ደግሞ ሣቄን ይሁን ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ።

አንተ፣ «ለኔ ስትይ ጊዜ አጥተሽ ወደቅሽ» ትላለህ። ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። ጊዜ አላጣሁም፤ ሁሉንም ሠርቻለሁ። አሥራ ዘጠኝን ሳላጠቁር ዘልዬ የሃያን መልስ አሥራ ዘጠኝ ላይ አጠቆርሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው መልሴ ሁሉ አንድ ቤት ከፍ ብሎ ሄደ። ስልሳ አምስትን ስጨርስ አንድ ባዶ ቤት ተርፎ አየሁ። ያኔ «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ተባለ፤ እኔ እርሳስ ነበር የያዝሁት፣ እሱንም አስቀመጥሁ።

ለምን ዘለልሽው ትለኝ ይሆናል። የአሥራ ዘጠኝን መልስ ላንተ መትቼ፣ ለራሴ ሳላጠቁር ፈታኙ ወደኛ ስለዞሩ እግሬን ልሰበስብ ስል ነው። እጁ የኔ፣ ጥፋቱም የኔ። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው።

ዘንድሮ ማስመሪያ ከየቁጥሩ ሥር እያስያዝሁ ነው ያጠቆርሁ። ሁለቱንም እግሮቼን ወንበሬ ሥር አጣጥፌ ስለተቀመጥሁ ፈታኟ፣ «ምነው ልጄ፣ በረደሽ?» አሉኝ። «ጤና ነኝ» አልኋቸው። ልማድ ክፉ ነው፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን የማላውቀውን ልጅ ወንበር እንዳልመታ ፈርቼ ነበር።

አሁን አርባ ሁለተኛውን ጥያቄ አስታውስ። አምና ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ቢቀመጡ በስንት ዓይነት አቀማመጥ ይቀመጣሉ ይል ነበር። እኔ ሰባት መቶ ሃያ ብዬ ሦስቴ መታሁልህ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እሱን ግን አልሰማሁሽም፤ ቢ አጠቆርሁ» አልኸኝ። «መምህርህን ትተህ?» ብዬ ሣቅሁብህ። አንተ ግን ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለህ በእንጨት መሬት ላይ ክብ ሣልህ። «ቅኔ ተማሪዎቹ አባባን ከብበው ሲቀመጡ አላየሽም? አባባን አንድ ቦታ አስቀምጪያቸው፤ እሳቸው አይነሡም። የሚቀያየሩት የቀሩት አምስቱ ብቻ ናቸው። መቶ ሃያ» አልኸኝ። ትክክል ነበርህ። ላብ እያጠመቀህ ብቻህን አስበህ ያገኘኸው ነው፤ ማንም ወንበርህን አልመታልህም። እዚያ ያሉት መምህራንም የሚፈልጉት ይህንኑ ጭንቅላት ነው። የሌሎቹን መልስ ከኔ ወስደህ ይሆናል፤ ይህን ያደረገው ልጅ ግን የዩኒቨርሲቲውንም ፈተና ይችለዋል።

ዘንድሮ ያው ጥያቄ መጣ፤ ሰዎቹ ስምንት ሆነው። እርሳሴን አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አባባን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋቸው። ሰባቱን ቅኔ ተማሪ አዞርኋቸው። አምስት ሺህ አርባ፣ ዲ። አራቴ ስትመታልኝ የሰማሁ መሰለኝ።

ስለዚህ ማለፌን ከነሐሴው ውጤት በፊት አውቄዋለሁ። አንተ ደግሞ የዚህን ወር ፈተናህን ተፈተንና ለፍልሰታ ውጤትህን ይዘህ ና። እውነቱን አባባ ይሰማሉ፤ የሚሰሙት ግን ሁለታችንም የተማሪ መታወቂያ ይዘን፣ አብረን ስንነግራቸው ነው። ዱላቸውንም ለሁለት እንካፈላለን።

ለሰጠኝ እየጻፍሁ ነው ስላቸው ከመጽሐፋቸው ቀና ብለው፣ «ቀድሞ የወጣውን ያጽናልኝ፤ ኋላ የቀረችውን ያድርስልኝ በዪው» አሉ። በራሳቸው አፍ ያሉት ነው፣ አልጨመርሁበትም።

እስከዚያ እሳቸውን ካሉበት አታንቀሳቅሳቸው። እኛ እንዙር።

ሩብ ሰዓት ዘግይታ የመጣችው እህትህ፣
ስጦታ