ስለ አውሮፕላኑ ጎማ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ

ለውድ ልጄ ለለንሳ ረጋሳ፣

አካም ጅርታ፣ ልጄ? የጌታ ሰላም ካለሽበት በረሃ ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወባውስ እንዴት ይዞሻል? አጎበርሽን ታስሪያለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ ይሞቀኛል ብለሽ ትጥዪዋለሽ? ባለፈው በመፍቻ የቀጠቀጥሽው አውራ ጣትሽስ ጥፍር አወጣ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ጎማ ባላነሳ ደህና ነው፤ ጎማ ካላነሳሁ ደግሞ ምን እበላለሁ።

መድኃኒት በሚያመላልሰው መኪና የላክሽው ደብዳቤና ፎቶግራፉ ደርሰውኛል። ክረምቱ በረራችሁን ከዘጋው፣ አንቺንም ካየሁሽ ሁለት ወር ሆነን፤ ስልክ በማይሠራበት አገር ወረቀትም ትልቅ ነገር ነው። ለአውሮፕላናችሁ የታሰበውን የትልቁን ጎማ ፎቶ ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም፣ ሙልጭ ብሏል። ልጄን በረሃ ወስደው ያለቀ ጎማ ያስገጥሟታል እንዴ ብዬ ፎቶውን ይዤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ለሰው ሁሉ ከሰስኩ። ጂቱ፣ ያቺ ከሱቄ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን ባታነብልኝ ኖሮ ለመሥሪያ ቤታችሁ አቤቱታ ልጽፍ ነበር። አዲስ ነው፣ ክብደቱ እንዲቀንስና ድንጋይ ላይ ሲወጣ እንዲተኛ ሆን ተብሎ ልሙጥ ሆኖ ይሠራል ብለሽ ጽፈሻል። አርባ ዓመት ጎሚስታ ሆኜ አዲሱን ካለቀው መለየት አቃተኝ። ጂቱ እስካሁን ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ትንሹ ጎማ ባለበት ከቆየ፣ ክረምቱ ሲወጣ አውሮፕላኑ እንደ ድሮው በየወሩ ለጥገና አዲስ አበባ ይወጣል፤ አንቺም አብረሽው ትመጪና በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ማታ አምቦ ትገቢያለሽ። ትልቁ ከተገጠመ ግን አስፋልት ስለሚበላው አዲስ አበባ አይወርድም። ጥገናውም እዚያው በአንቺ እጅ ይሆናል፣ ቤትሽን የምታዪው በዓመት ፈቃድሽ ብቻ ነው። አለቃሽ ምርጫውን ላንቺ ተወው፤ አንቺ ደግሞ አባኮ፣ አንተ የምትለኝን አደርጋለሁ ብለሽ እኔ ላይ ጣልሽው። ይህን ለእኔ መላክ አልነበረብሽም። የራበውን ሰው ዳቦ ጠብቅ እንደ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን መልስ በዚያው ቀን ጻፍኩት። ትንሹ ይበቃል አልኩሽ። ትልቅ ጎማ ፍሬን ያደክማል፣ ነዳጅ ያስበላል፣ ፍጥነት ይቀንሳል እያልኩ እንደ መሐንዲስ ደረደርኩት። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ። እናትሽ ሲንቄ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ሰው የምሆነው በወር አንድ ቅዳሜ ነው፣ እሷን እንዳላጣ ፈርቼ ነው የጻፍኩልሽ።

ደብዳቤውን አሽጌ በኮቴ ኪስ እንደያዝኩ ኦቦ ጋዲሳ፣ የጎጆ ከተማው ድንች ነጋዴ፣ ፒክአፑን ይዞ መጣ። ጎማውን ጠግኜ፣ ጥሩ አድርጌ ነፋሁለትና ለቅሶ ለመድረስ አብሬው ወደ ጎጆ ወጣሁ፤ ፖስታ ቤት ስመለስ እደርሳለሁ ብዬ ነው። የክረምቱን መንገድ ታውቂዋለሽ። ከተማው መግቢያ ሳንደርስ መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ገፋን፣ ድንጋይ ጠቀጠቅን፣ ቅጠል አነጠፍን፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ የአራቱንም ጎማ ነፋስ እስከ ግማሽ አስተነፈስኩ። ጎማው ጭቃው ላይ እንደ መዳፍ ተዘረጋ፣ መኪናውም ወጣ። ኦቦ ጋዲሳ እጁን በሣር እየጠረገ አየኝና፣ «ረጋሳ፣ ይህን እያወቅህ ለምን ጠዋት እንደዚያ ነፋኸው?» አለኝ። እሱ የጠየቀኝ ስለ ፒክአፑ ነው። የእኔ እጅ ግን ወደ ኪሴ ሄደ።

በአንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ ያለፍሽው ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሰኔ ላይ ወንዝ ዳር ካለችው መንደር ምጥ የጠናባት ሴት ልታመጡ ሄዳችሁ፣ አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጠጠሩና ጭቃው አላስወርድ ብሎት ተመለሰ ብለሻል። ሴትዮዋ ምን እንደሆነች አልጻፍሽልኝም። እኔም በዚያ ሁሉ ምክሬ ውስጥ ስለ እሷ አንድ ቃል አላነሳሁም። ደብዳቤውን እዚያው ጭቃው ዳር ቀደድኩት።

ስለዚህ ትልቁን ምረጪ። ጎማ የሚመረጠው ለመንገዱ ነው፤ ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ጎማው ሲያድግ ፍሬኑም አብሮ እንዲያድግ ጠይቂ፣ ቸርኬውን ሳታዪ አትቀበዪ። ከአውሮፕላኑ ጭራ ሥር ያለችውን ጎማም አትርሺ፣ የፊቱን ብቻ ካሳደግሽ ኋላው ይሰምጣል። ነፋሱን ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ለኪ። በትንሽ ነፋስ የሚሄድ ጎማ ደግሞ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ዝም ብሎ ለሚያየውም አያስታውቅም። ከጎማው እስከ ቸርኬው አንዲት ቀይ የቀለም መስመር አስምሪ፤ መስመሯ ተቆርጣ ካገኘሻት ሳታስተካክዪ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ።

አባቴ ብቻውን ነው እያልሽ ደግሞ ውሳኔሽን እንዳታዘገዪ። ብቻዬን ነኝ፣ አልደብቅሽም፣ ይከብደኛልም። ሌላውን ቀን ጎማ አለ፤ ቅዳሜ ነው የሚከብደኝ።

አብራሪውን ሰላም በይልኝ፣ አውሮፕላኑን ቀስ ብሎ ያውርድ። ምግብ የምታበስልላችሁን ጊፍቲንም እንዲሁ። ጂቱ በጣም ሰላም ብላሻለች። ኦቦ ጋዲሳ የጎጆ ድንች እልክላታለሁ ይላል፣ በምን እንደሚልክ እንጃለት። ከቤት ሰላም የሚሉሽን ደግሞ እንደ ወጉ በስም ልዘርዝር፦ አባትሽ ረጋሳ ሰላም ብሎሻል። ሌላ ሰው ስለሌለ እሱው ደግሞ ሰላም ብሎሻል።

በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ የግቢውን በር ሳልቀረቅር እንደማመሽ ታውቂያለሽ። ከእንግዲህ ባትመጪም አልቀረቅረውም። ጂቱ ሌባ ይገባብሃል ብላ ከተቆጣችኝ፣ መቀርቀሪያው ዝጎ እንቢ ብሎኝ ነው እላታለሁ።

አባትሽ ረጋሳ
አምቦ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.