ለማኅበሩ ዶማ የቀረበ ምስጋና

ጥራቮሎ፣ አስመራ፤ በነጻነታችን ሁለተኛ ዓመት

ለተከበሩት ኣቦይ ኣስፍሃ፣ የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የድንኳኑና የድስቶቹ ጠባቂ፣ የሽማግሌዎች ሁሉ ሽማግሌ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ለስንት ዘመን ከማንኪያ የከበደ ነገር ሳያነሱ ኖረው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያን ያህል ጊዜ ዶማ ማንሳትዎ አሳስቦን፣ የሰፈሩ ወጣቶች በሙሉ ለወገብዎ ስንጸልይ ሰንብተናል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንዲት ትንሽ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ከማኅበሩ የልቅሶ አግዳሚ ወንበሮች መካከል የጠፋውን አንዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ምስጥ አልበላውም፤ አባላችን ኣቶ ንዋይ እንደጠረጠሩትም የሌላኛው ሰፈር የማይ ተመናይ ማኅበር አልሰረቀንም። እኔ ፌቨን፣ የኣደይ ትርሓስ ልጅ፣ በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜው በበረንዳዎ ፊት አልፌያለሁ፤ እርስዎም ሻሂዎን እየጠጡ «ጎበዝ ጓለይ፣ ለሐዘን ቤት እንዲህ ነው መታዘዝ!» ብለው መርቀውኛል። ስለ ምርቃቱ የቐንየለይ፤ ምስጋናዬ እስከ ዛሬ ዘግይቶ ነው እንጂ አልቀረም።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩበት ምክንያት ሁለት ነው። በአማርኛ ማመልከቻ ጽፈው ያልረቱት ዳኛ እንደሌለ በየድንኳኑ ስለሚነግሩን፣ በሚወዱት ቋንቋ ልለምንዎ ብዬ ነው። ደግሞም እናቴ አማርኛ ማንበብ አትችልም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በወንድሜ በክብሮም ላይ የፈረዱትን ያንሱለት። «ሰፈሩን ለቃ ትውጣ» ያሏት ማኪናው ቅዳሜ ተጎትታ፣ ብረት ሁሉ ተቆራርጦ ባልዲና ምድጃ ወደሚሆንበት ወደ መደበር እንዳትወሰድበት ነው።

ክብሮም ተጋዳላይ ሆኖ ከትግሉ ሜዳ የተመለሰ ዕለት አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «አንበሳችን!» እያሉ ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ። እሱ ግን አልሰማዎትም፤ ሁለቱንም ጆሮውን መድፍ ወስዶበታል። ሬዲዮ አይሰማም፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማም፣ የእናታችንን ቁጣ አይሰማም (በዚህኛው እንኳ እቀናበታለሁ)። የሚደርስለት ደረቱን የሚመታ ድምፅ ብቻ ነው። አጎታችን ተኽኣ ወደ ጂዳ ሲሰደድ በሸራ ሸፍኖ የተዋትን ቀይ ባለ ሁለት በር ስፖርት ማኪና ለክብሮም የሰጠውም ለዚህ ነው፤ ሞተሯ ሲነሳ ክብሮም መቀመጫው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። የማኪናዋ ሬዲዮ ግን የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ስለሆነ፣ አንዲቷ ስፒከር ጣሳ ውስጥ የታሰረች ንብ ነበር የምትመስለው። ስለዚህ አጎቴ ከጂዳ አዲስ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ የባስ ስፒከሮች ላከልን። ድመት እንኳ ተመችቷት የማትተኛበትን የኋላ ወንበር ነቀልን፤ ከአግዳሚው ሳንቃ ሁለት ሳጥን ሠራን፤ ሽቦውን በምንጣፉ ሥር አሳልፈን ከባትሪው ጋር አገናኘን። የጓይላ ጭፈራ ካሴት ከተትኩ። ከበሮው ሲጀምር ክብሮም እጁን መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ትከሻው ራሱ መደነስ ጀመረ። «ጨምሪ!» አለኝ። ጨመርኩ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው፤ በቅደም ተከተል የጻፍኳቸው እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ነው።

፩ኛ. ከበሮው በተጀመረባት ቅጽበት እርስዎና የተከበሩት አባላት ከበራችን ፊት ለፊት ድንኳን ተክላችሁ፣ ስለጠፋው ወንበር ለመምከር ምሳ እየበላችሁ ነበር። ኣቶ ንዋይ «መድፍ! መድፍ መጣ!» ብለው ጮኹ። ማኅበሩ በሙሉ፣ አንድም ተቃውሞ ሳይቀርብ፣ በሙሉ ድምፅ መሬት ላይ ተኛ። እንዲህ ያለ ስምምነት በዚያ ድንኳን ታይቶ አይታወቅም። እርስዎ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፈው ስለወደቁ ሸራው በሁላችሁም ላይ ተደፋ። ከሥሩ የሆነውን ለመግለጽ ብዕሬ ይንቀጠቀጣል፤ ኣቶ ንዋይ የፊት ጥርሳቸውን አግዳሚው እግር ላይ ትተው ወጡ፤ አንድ አረጋዊ በጨለማው ውስጥ የነካቸውን እጅ የጠላት መስሏቸው የጎረቤታቸውን ግንባር በከዘራ ፈነከቱ፤ የጋለው የዝግኒ ድስት በግራም በቀኝም ተረጨ፤ ከሸራው ሥር ከወጡት ጋቢዎች ላይ ደሙን ከወጡ ለመለየት ሴቶቹ ብዙ ደክመዋል።

በመደንገጥዎ አልስቅም። ማለቴ፣ ስቄያለሁ፤ ሆዴን ይዤ፣ ማኪናዋን ተደግፌ ስቄያለሁ፤ ዶማውን ያስነሳዎትም ሳቄ እንጂ ሙዚቃው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እኛም ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር እየገባን ያደግን ልጆች ነን፤ እኔም ለአፍታ የምገባበት አልጋ ፈልጌ ነበር። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ከሁላችንም መካከል እውነተኛው መድፍ ያገኘው አንዱ ሰው ብቻ ሳይጎነበስ እየደነሰ ነበር።

፪ኛ. ስለ ዶማው። ይህ ዶማ ሙታናችንን የምንቀብርበት ጉድጓድ እንዲቆፈርበት በመዋጮ የተገዛ መሆኑን መተዳደሪያ ደንባችን ይገልጻል። እርስዎ ግን የማኅበሩን አገልግሎት ስላሰፉልን ምስጋና ይገባዎታል። መጀመሪያ የፊቱን መስታወት ቀበሩ፤ ቀጥሎ የጎኖቹን፤ ከዚያ ካሴቱ በውስጡ እየጮኸ ሳለ ቴፑን። አንደኛውን ስፒከር በአንድ ምት ሆዱን ቀደው ሲያወጡት፣ በዕድሜዎ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ክንድ እንዳለው በማየቴ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ክብሮም በሁለተኛው ላይ ተደፋበት፣ እንደ ሕፃን አቀፈው። እርስዎ ዶማውን አንዴ አንስተው ነበርና መመለስ ነውር መሰለዎት። የትከሻው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ከእሱ በቀር።

፫ኛ. ውሳኔዎ ላይ «ሽማግሌን በመድፈር» ተብሎ የተጻፈው ነገር ጥቂት ጎድሎበታል። እውነት ነው፣ ክብሮም በደህናው እጁ አንገትዎን ጨብጦ ግድግዳው ላይ አንስቶዎታል፤ ጫማዎም ከመሬት ተላቆ ነበር። ፊትዎ እንደ ማኪናዋ ሲቀላ አይቻለሁ። ያ እጅ በሜዳ ምን ሲሠራ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደዎት። የተንሸራተተ ጋቢዎን ትከሻዎ ላይ አስተካከለልዎት። ሄዶም የተከሰከሰው መስታወት ላይ ተቀመጠ። ውሳኔውን ያረቀቁት ሽማግሌዎች አንገቱን ጽፈው ጋቢውን የረሱት፣ ዓይናቸው ገና ዝግኒ ስለነበረበት ይሆናል።

፬ኛ. ክብሮም እንደ አባቶቻችን ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ እግርዎ ላይ ወድቆ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈርደዋል። ልማዱን አከብራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በየትኛው ትከሻው ይሸከም? በሰበሩት ነው ወይስ ባስተረፉለት?

ከዚያ ቀን ወዲህ ክብሮም አንድ ቃል አልተናገረም። ክንዱን በነጠላ አስሮ ማኪናዋ ውስጥ ይቀመጥና ደህናውን እጁን በሩ ላይ ያደርጋል። በሩ አይንቀጠቀጥም። እናቴ ምሳ በመስኮቱ ታቀብለዋለች፤ መስታወት ስለሌለው ለዚህ እንኳ ተመችቷታል፤ ውለታዎ ነው። አጎቴ ሌላ ስፒከር እልካለሁ ብሏል፤ ማኪናዋ ባልዲ ከሆነች ግን የት ልንገጥመው ነው? እኔ በበኩሌ አግዳሚውን በገዛ እጄ ሠርቼ እመልሳለሁ፤ ሐዘን ባለበት ቀን ሙዚቃ አንከፍትም፤ ድንኳን ስትተክሉም ከበሮ ከመምታታችን በፊት አንድ ልጅ ልከን «መድፍ አይደለም፣ ጓይላ ነው» እናስብላለን። ከዚህ የበለጠ ትሕትና ከእኔ ቢፈልጉ፣ ከማይ ተመናይ መበደር ሊኖርብኝ ነው።

ዕድሜ ከጤና፣ ከማይደክም ክንድና ከማይናድ ምሰሶ ጋር እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ድምፅ ጋር፣ ሲያልፉ ከመቀመጫዋ የምትነሳ፣ ካለፉም በኋላ የምትስቅ ታዛዥ ልጅዎ፣

ፌቨን

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ማኪናዋን ሊጎትቱ የሚመጡት ሰዎች በከንቱ እንዳይደክሙ፣ አራቱም ጎማዎች መፈታታቸውን በትሕትና አሳውቃለሁ። ዛሬ እርስዎ ቅዳሴ ላይ ቆመው ስለ ይቅርታ ሲሰበክ፣ እኔ አንድ በአንድ እያንከባለልኩ ማንም ሳያስፈቅድ ወደማይገባበት ስፍራ ወሰድኳቸው፤ ወደ እርስዎ ዶሮ ቤት። ይህንንም የምጽፈው አራተኛው ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። አንዷ ዶሮዎ ሁለተኛው ውስጥ ገብታ እንቁላል ጥላበታለች፤ ሰፈሩን ለቃ ትውጣ የሚል ፍርድ እስካሁን አላሰማችም። ሌባ ብለው ሊከሱኝ ከፈለጉ ይክሰሱኝ፤ የተጋዳላይ ጎማ በግቢዎ እንዴት እንደተገኘ ለኣቶ ንዋይ ማስረዳት ግን የእርስዎ ፈንታ ነው፤ እሳቸውም ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ ትዕግሥታቸው አጭር ነው። ደግሞም

ይቅርታ፤ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ክብሮም ነው። ማኪናዋ በድንጋይ ላይ ቆማ አይቶ የጎማውን ዱካ እየተከተለ መጥቷል። ጎማዎቹን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ እኔን አየ፤ ትከሻውን ይዞ መሳቅ ጀምሯል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ለመንኩት፤ ምክንያቱም የእርስዎ ከዘራ ከቅዳሴ ተመልሶ የግቢውን በር ሲገፋ ይሰማኛል፣ ወንድሜ ደግሞ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሹክ ማለት አያውቅም። አሁን ከስንት ዝምታ በኋላ አፉን ሊከፍት ነው፣ ኣቦይ ኣስፍሃ፣ እባክዎ መሬት ላይ እንዳይተኙ፣

«ፌቨን!»