የአባ ላንድሮቨር መሪ

ለውድ ወንድሜ ለቲጃኒ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትክ? ቁስሉስ ደረቀልህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? የሆስፒታሉ ምግብ ይስማማሃል? የአስመራ ብርድ ለሰርቦ ልጅ እንደማይመች አውቃለሁና የላክንልህን ሹራብ ሳትሰስት ልበሰው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ቡናውም ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ደብዳቤህ ደርሶናል። ቀኝ እጅህ ግንባር ላይ መቅረቱን ለእማ አንብቤ የነገርኳት እኔ ነኝ። አልዋሽህም፣ ተያይዘን አለቀስን። ነፍስህን ስላተረፈልን ደግሞ አላህን አመሰገንን። እኔን ያናደደኝ ከዚያ በታች የጻፍከው ነው። ላንድሮቨሩን ለብረት ገዢ ስጡት፣ እጅ የሌለው ሾፌር መኪና ምን ያደርግለታል፣ እኔስ በምን ፊቴ ሰርቦ ላይ ከአውቶቡስ እወርዳለሁ፣ እዚሁ እቀራለሁ ብለሃል። ይህችን ለእማ አላነበብኩላትም፤ አላነብላትምም።

ብረት ገዢው ሸኩር ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከጅማ ድረስ መጋዙን ይዞ መጣ። በሩን ከፍቶ መሪውን ቢይዘው ንቅንቅ አላለም። መሪው የማይዞር መኪና ለዶሮ ማደሪያ ነው የሚሆነው አለኝ። ስጠራህ ትመጣለህ ብዬ ሸኘሁት፤ እስካሁን አልጠራሁትም።

እውነት ለመናገር መሪው ድርቅ ብሎ ነበር። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት እንኳ አልዞረም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልንገርህ? ያንተው ነው! ስትዘምት ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጡ ብለህ ከፊት በኩል የቡና ገለባ ከምረህ አልሄድክም? ገለባው ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃውን ጠጥቶ ታቅፎ ሲያከርም፣ ከሥር ያለው ብረት ሁሉ በዝገት ተያይዞ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ የበሰበሰ ገለባ በአካፋ ዝቄ ያወጣሁት እኔ ነኝና ስትመጣ ትክሰኛለህ።

ከአባ ጋር ይሠራ የነበረውን መካኒኩን ጎሳዬን አስጠራሁት። መኪናውን በክሪክ አነሳን፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነውም መሪው እምቢ አለ። የያዘው መጋጠሚያዎቹ ጋ ነው አለ ጎሳዬ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት ቀላቅለን አጠጣናቸው። እሱ ወደ ጋራዡ ሲመለስ ማጠጣቱ ለእኔ ቀረ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጣሳዬን ይዤ መኪናው ሥር እገባለሁ። ጎረቤታችን አባቦራ ከመስጊድ ሲመለሱ እግሬን ብቻ አይተው፣ ያ ዘይቡ፣ መኪናውን እያለብሽው ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ቆይተው ግን በየማለዳው ጀባዱ፣ በርቺ፣ እያሉኝ ነው የሚያልፉት።

ጎሳዬ ሲመለስ የዘንጎቹን መጋጠሚያ ለማላቀቅ ብሎኑን በአናቱ ልመታው ስል ጮኸብኝ። ጥርሱ ከተበላሸ አለቀልን አለ። ብሎኑን ትቶ፣ የያዘውን ብረት በአንድ ወገን በከባድ መዶሻ ደግፎ በሌላው ወገን በጎን መታው። ዘንጉ ጧ ብሎ ወደቀ! እልል ብዬ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። ከሥር በሻንሲው ብረት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ግን አስቸግሮን ነበር። ዘይት እየሞላን፣ በቧንቧ ብረት ወዲያና ወዲህ እየገፋን፣ መጀመሪያ ጣት የምታህል ተንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያለ ተለቀቀ።

ከዚያ ጎሳዬ እጁን ጠርጎ ኮቱን ደረበና፣ በቃ፣ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ ለያዘው ሰው ይዞራል አለኝ። ለሁለት እጅ የሚበቃ ለእኔ አይበቃኝም አልኩት። ኮቱን መልሶ አወለቀ። ሁሉንም እንደገና ፈታ፣ አጠበ፣ ያረጀውን በአዲስ ለወጠ፣ ግሪስ ሞላው። ፍሬኑንም ሳይቀር አየልን።

ባትሪ ተውሰን ሞተሩን አስነሳነው። ቀኝ እጄን በሻሼ ከወገቤ ጋር አስሬ መሪውን በግራዬ ያዝኩ። ጎሳዬ ከጎኔ ተቀምጦ ማርሹን አስገባ። ከግቢ ወጣን፣ እስከ መስጊዱ ሄደን ዞረን ተመለስን። ቲጃኒ ወንድሜ፣ በአንድ እጅ ይዞራል!

ማርሹስ አትበል። ወደ ሸቤ ስንወርድ አባ፣ አላህ ይማራቸውና፣ በቀኝ እጃቸው ጫታቸውን እየመረጡ፣ ዘይቡ ሁለት፣ ዘይቡ ሦስት ሲሉኝ ከመሀል ወንበር ማርሹን ማን ነበር የሚያስገባው? አንተ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጠህ ለትራፊክ እነግራለሁ እያልክ ትቀና ነበር። እጄ ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ እንዲህ ነው የምታደርገው። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኑን ጻፍልኝ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ና፣ ግን ሰርቦ ድረስ አትምጣ፤ ሰኮሩ ላይ ውረድ። እዚያ የሚያውቅህ የለም። እኔና ጎሳዬ መኪናውን ይዘን እንጠብቅሃለን። ከዚያ ወዲህ መሪው ያንተ ነው፣ ማርሹ የእኔ፤ ጎሳዬ ከኋላ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ሰርቦ የሚያይህ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳይሆን የአባን መኪና እየነዳህ ስትገባ ነው።

ጎሳዬ በጣም ሰላም ብሎሃል። አባቦራ ዱዓ እያደረጉልህ ነው። አክስታችን ዙቤይዳንና ልጆቿን ናፍቀሃቸዋል። እማን ምን ልበልልሽ ብላት ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም አለች። የአባን ክላክስ ስሰማ በር ላይ ወጥቼ ራሴ እለዋለሁ ብላሃለች።

እህትህ ዘይቡ

ሰርቦ፣ ጥር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.