ጽዋውን የመለስኩ ዕለት

የካቲት 3፣ ጠዋት

ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ክሩን ደጋግሜ ላስኩት፤ ሌላማ መላስ ትቻለሁ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ወታደር አየኝና ሳቀ። ከነጌሌ እስከ ሞያሌ እንደኔ ያለ ልብስ ሰፊ የለም አልኩት። እውነት ነው። ኪሱን ግን በግልባጩ ሰፍቼው ኖሯል።

ደብተር ሆይ፣ በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ እንዳንተ ያለ ሰሚ አላገኘሁም። አታቋርጠኝም። ስለዚህ ስማ። ሚስቴ ሎኮ ከነልጃችን ዱብሉቅ፣ ወንድሟ ጂሎ ቤት ናት። ጂሎ በሹፌር ላከብኝ፦ መጠጥ መተውህን የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች ይዘህ ና፤ አለዚያ አትምጣ። በነጌሌ የማውቀው ሽማግሌ ሁሉ አብሮኝ የጠጣ ነው። ማን ይመስክር?

የክሊኒኩ ድሬሰር እጄን አይቶ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች እሑድ እሑድ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ተሰማ ቤት ይሰበሰባሉ አለኝ። ደረቅ ማኅበር ብዬ ሳቅኩበት።

የካቲት 5፣ እሑድ ማታ

ሄድኩ። ቤቱ ከካምፑ አጥር ጀርባ ነው። በደጁ አልፌ ተመለስኩ፣ እንደገና አለፍኩ፣ ከዚያ ገባሁ። ጥቂት ወንዶች፣ አንድ አግዳሚ። ማኅበር ነው፣ ታቦት ግን የለውም፤ የጨው ነጋዴው ኢብራሂም አለበትና። ኢብራሂም ሃይማኖቱም ሐኪሙም ከልክለውት የጠጣ ሰው ነው። በዚህስ ይበልጠኛል።

በጠላ ፋንታ ብርዝ ይጠጣል፤ ማር በውሃ፣ ያልፈላ። ጽዋው የደረሰው ሰው ይናገራል። እኔ ጋ ሲደርስ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ። ኢብራሂም ብቻ አልሳቀም። "ቀልዱን ስትጨርስ ንገረን፣ ወንድሜ። የሚቸኩል የለም" አለ።

ምንም አልተሰማኝም። ቤቴ መጥቼ ተኛሁ።

የካቲት 12፣ ማታ

ተናገርኩ። የልጄ ስም በሚወጣበት ቀን የሎኮ ዘመዶች ከዱብሉቅ ድረስ መጥተው፣ በግ ታርዶ፣ አባት ሲጠበቅ እኔ አረቄ ቤት ተኝቼ ነበር። ስሙን ያለኔ አወጡ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። የልጄን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ስናገር ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስለኝ ነበር።

ማንም አልገሠጸኝም። ሃ/አ ተሰማ ጢማቸውን እያሻሹ፣ በሚመጣው ሳምንት ከኢብራሂም ጋር በጨው መኪናው ሄደን እንመሰክርልሃለን አሉ። ማመስገን ነበረብኝ። መንገዱ ወገብ ይሰብራል፣ ትራስ ያዙ አልኩ። አፌ እንዲህ ነው።

የካቲት 19፣ ከሰዓት በኋላ

ከየት ልጀምር።

የሃ/አ ሚስት እትዬ አስካለ ብርዙን ከትናንት በስቲያ በጥብጠው፣ በድሮው የጠጅ ጋን አስቀምጠውታል። በዚህ ሙቀት። ጽዋው መጀመሪያ የደረሰው እኔ ጋ ነው። ምላሴን እንደነካው አወቅሁ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ፈልቷል። ጠጅ ሆኗል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አልቀለድኩም ብል ባሰባቸው። ጽዋውን ሳልጠጣ መሬት አስቀመጥኩት። ያኔ ሳቁ ቆመ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ቤት፣ በዚህ ማኅበር፣ ጠጅ ቀረበ ልትል ነው? አሉ። ኢብራሂም ፊታቸውን አየ፣ ጽዋውን አነሳ፣ ጠጣ፣ አሳለፈ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። ሃ/አ የመጨረሻውን ጨለጡ።

"ጽዋ የመለሰ ማኅበሩን መለሰ" አሉኝ። "እኔ ለማን ነው የምመሰክረው?"

ወጣሁ። መንገዴ በአረቄ ቤቱ ደጅ ነው። ጠሩኝ። እግሬ ዝም ብሎ አለፈ፤ እኔ ያዘዝኩት አይመስለኝም። አሁን ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ ያለውን የጃንሆይን ፎቶግራፍ አያለሁ። እሳቸውም ያዩኛል።

የካቲት 21

ኢብራሂም ሱቄ መጣ። አካም ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት። ናጋ ብሎ ሳይመልስልኝ ተቀመጠ። ጠጅ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ጉንጭ አውቆት እንደነበር ነገረኝ፤ ሴትዮዋን ላለማሳፈር ዋጠው። ከዚያ ማቆም አቃተው። ማታውን ሌላ መጠጥ ፍለጋ ሄደ። ሃ/አ ደግሞ ከእሑድ ጀምሮ ከአረቄ ቤት አልወጡም።

ልክ ነበርኩ። ድሮ ልክ ስሆን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር። ሻይ አስመጣሁለት። መኪናው ነገ ወደ ዱብሉቅ ይነሳል፤ አንተስ አትመሰክርልኝም? አልኩት።

"አፌ እየሸተተ ስላንተ አፍ ልመስክር? ጂሎ ቀርቶ ግመሉ ያውቅብኛል" አለ። ሻዩን ሳይጨርስ፣ አንተ ከፈለግህ ግን ከሹፌሩ ጎን ቦታ አለ አለኝ።

የካቲት 22፣ ንጋት

ያለ ሽማግሌ መሄድ ነውር ነው። ጂሎ ከደጅ ሊመልሰኝ ይችላል። እሄዳለሁ።

ዱብሉቅ አሁን በጋ ነው፣ ከብቱ ጠምቶታል። የውሃ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ከታች እስከ አፉ ወንዶች ተደርድረው በቆዳ መቅጃ ውሃ ይቀባበላሉ። ሰው ሁልጊዜ ይጎድላቸዋል። ሰልፉ ውስጥ እገባለሁ፣ ከጂሎ በታች። ጎንበስ ባለ ቁጥር ትንፋሼ ይደርሰዋል። ምስክር ከፈለገ ራሱ ይሁን። ሂድ እስኪለኝ ወይም ዝናብ እስኪጥል ድረስ እዚያው ነኝ።

የወታደሮቹን ልብስ ለጎረቤት ልብስ ሰፊ ሰጥቻለሁ። ከኔ ያንሳል፣ ግን ይሰፋል።

የጨው መኪናው ጡሩምባ ተነፋ። ሎኮ ከብት ልታጠጣ ብትመጣና ብታየኝ ምን እንደምላት አላውቅም። ቀልድ ግን አልቀልድም።