የማይሠራው ካርድ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኔ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቋቋ ነው እንጂ ደህና ነኝ፤ አልሞትኩም። ዓይኔ ሩቁን ያያል፣ ጥርሴ የቀረውን ያኝካል፣ አፌም እንደምታውቀው ነው። ሚስትህም ደህና ናት። ይህን የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ዓይኔም እጄም እሷ ናት። የራስሽንም ሰላምታ ጨምሪበት ብላት፣ የእርስዎ ይበቃል አባባ አለችኝ። ድሮ ለአንተ በሚጻፍ ወረቀት ጠርዝ ላይ የራሷን ሳትሞነጫጭር አትለቅም ነበር። ዛሬ እጇን ደክሟት ይሆናል።

የላክኸው የእጅ ኮምፒውተር ደርሶኛል። ያመጣው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ነው ያስረከበኝ። መልእክትህንም ነገረኝ። አባባ ከእንግዲህ ጸሐፊ አያስፈልገውም፣ ገመድ አልባ ካርድ ገዝታችሁ ጎኑ ላይ ባለው ቀዳዳ ክተቱለት፣ የእኔን ምስል በጣቱ ሲነካ ድምፄን ይሰማል፣ ፊቴን ያያል ብለሃል። ተባረክ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ታውቀኛለህና አትቀየም። ማሽኑ ያንተ አሮጌ ነው። ጥጉ ተፋፍቋል፣ መስተዋቱን መንኪያ ብዕሩ ጠፍቷል፣ እዚያው ላይ አውራ ጣትህ የጨረሰው ቦታ ይታያል። ለራስህ አዲስ ገዛህና ይህን ለአባቴ አልክ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሮጌ ነገር አልንቅም። አሮጌ ጎማ ግን ሲሰጥ፣ አሮጌ ነው ተብሎ ነው የሚሰጠው።

ካርዱን የገዛችው ሚስትህ ናት። ማሽኑን ይዛ ሄዳ፣ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ማዶ ካለው ሱቅ አመጣችው። ቀጭን፣ ልሙጥ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ሲገባ ቅንጣት አላስቸገረም፤ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ግጥም አለ። ከታች ፎቅ ያለው ቢሮ ኢንተርኔቱን በአየር ይለቃል፣ የይለፍ ቃሉንም ሰጥተውናል። ጺሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ቆልፌ ፊትህን ልጠብቅ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ዝም። ካርዱን አወጣነው፣ አስገባነው፣ እፍ አልንበት፣ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልነው። ዝም። ሚስትህ፣ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ነው አባባ፣ ይተዉት አለችኝ።

እንዴት ይተዋል? ባለ አምስት ብሎን ቸርኬ ባለ ስድስት ብሎን መኪና ላይ አልገጥም ቢል ጥፋቱ የመኪናው ነው? ቸርኬውን የሸጠው ሰው ነው እንጂ! ሴት ናት አታውቅም ብሎ የማይሆነውን አሸከማት። ሌባ ነው። እዚህ ላይ ስንደርስ ሚስትህ ጽሕፈቱን አቁማ፣ አባባ የሰው ስም አያጥፉ አለችኝ። ጻፊ፣ ሌባ ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፍኩ አለች። መጻፏን አንተ ታየዋለህ፤ እኔ የማየው የጉንዳን ሰልፍ ነው።

ነገ ጠዋት ራሴ እሄድበታለሁ። እሷ አይሂዱ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ደረጃው ያዳልጣል፣ ፀሐዩ ይመታዎታል፣ ሰውዬው ክፉ ነው ትለኛለች። ክፉ ከሆነማ ከእኔ ጋር ይተዋወቅ አልኳት። አልሳቀችም።

የምለብሰው ያንተን ግራጫ ኮት ነው። ያን በየሳምንቱ መስኮት ላይ እያወጣች ስታናፍሰው የኖረችውን ኮት ሰሞኑን ለእኔ አደረገችው። እጅጌውን ቆርጣ፣ በልኬ አሳጥራ፣ ተኩሳ ሰጠችኝ። ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው ብላት፣ እዚያ ኮት አይጠፋም፣ እርስዎ ይሙቁበት አለች። ትከሻህ ጠባብ ስለሆነ ብብቴን ይይዘኛል። ግን ይሞቃል።

ይህን ወረቀት ኪሴ ከትቼ እወጣለሁ። ካርዱን አስለውጬ ድምፅህን ከሰማሁ በኋላ፣ ሰማሁህ የሚል ቃል አስጨምሬ እልክልሃለሁ።

•

ልጄ፣

ጽሕፈቱ ሲለወጥ አይተህ አትደንግጥ። ሚስትህን ምንም አላገኛትም። ይህን የሚጽፍልኝ ሌባ ያልኩት ነጋዴ ነው። ሌባ አይደለም። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ሆዳቸው የተዘረገፈ ስልኮችን ከጠረጴዛው ላይ ገፍቶ፣ እኔ የምለውን ይጽፋል። አንዱንም ቃል አታለስልስ ብዬዋለሁ።

ጠዋት ከደጃፉ ጀምሬ ነው የጮኽኩት። ምራቴን አታለህ፣ የማይሠራ ዕቃ ሸጠህ፣ አልኩት። ሁለት ሦስት ደንበኞች ነበሩ። አንዷ ወጣት ሴት፣ አባባ ቀስ ይበሉ፣ ሱቁን ሊያፈነዱት ነው እንዴ አለችና ሳቀች። እኔ የጭነት መኪና ጎማ ስነፋ አንቺ አልተወለድሽም አልኳት። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ነው አባባ፣ ይተዉት አለኝ። ልክ ሚስትህ ያለችውን፣ ቃል በቃል! ካርዱን ይመልሱልኝና በሌላ ዕቃ ልለውጥልዎት ብሎም ለመነኝ። ለምኖኝ ነበር፤ ይህን አስምርበት ብዬዋለሁ። እኔ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሥራህን ካላወቅህ ሱቅህን ዝጋ አልኩት።

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ሰው በእጁ ሥራ ሲሰደብ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ነኝ። መሳቢያ ከፈተና ሌላ ካርድ አወጣ። ያገለገለ፣ ወፍራም፣ ጫፉ እንደ አውራ ጣት ከቀዳዳው ወጥቶ የሚቀር አስቀያሚ ነገር ነው። ያ ቀጭኑ ከማሽኑ በኋላ የተሠራ ነው፣ ቢገባም ማሽኑ አያውቀውም፤ ይኼ እኩያው ነው አለኝና ሰካው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች።

ይኸው! ነበረህ እኮ! አልኩት። ያቺን ሳቂታ ጠራኋት። ነይ፣ አሁን ልጄን ታዪዋለሽ፣ መልኩ የእኔ ነው አልኳት።

ልጄ፣ ማሽኑን ስትልክ የራስህን ነገር ከውስጡ አላጠፋህም። ገና የሱቁን ኢንተርኔት በአየር ሲያገኝ ለአንተ የሚላከውን መሳብ ጀመረ። አንድ ፎቶ መጣ፤ እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ፀጉርህ ታየ፣ ከዚያ ግንባርህ። እሱ ነው! አልኩ። ሱቁ ሁሉ ሰማኝ። ቀጥሎ ከጎንህ፣ ትከሻህ ላይ የተደገፈ የሴት ራስ። ቀጥሎ ጭንህ ላይ ሕፃን።

ጆሮውን አየሁት። ይህን እንደ ድስት ጆሮ ወደ ውጭ የወጣ ጆሮ አባቴ ነበረው፣ እኔ አለኝ፣ አንተ አለህ። ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ከፎቶው ሥር ጽሑፍ ነበረበት። ምን ይላል አልኩት ሰውዬውን። ምንም አይልም አለኝ። ምንም የማይል ነገር አይጻፍም፣ አንብብ አልኩት። ስትመጣ ዳቦ መግዛት እንዳትረሳ፣ ልጃችን መስኮቱ ላይ ሆኖ እየጠበቀህ ነው፣ ይላል አለኝ።

የፍቅር ቃል ቢሆን፣ ማሽኮርመም ቢሆን፣ ሰው ነው ተሳሳተ ብዬ ባለፍኩት። ዳቦ ግን የቤት ነገር ነው። ዳቦ ግዛ የሚባለው ቤት ያለው ሰው ነው።

ያቺ ወጣት በትከሻዬ ላይ አሻግራ አይታ፣ ውይ ሲያምር! የልጅ ልጅዎ ነው? እንኳን ደስ አለዎት አባባ አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ፣ የልጅ ልጄ ነው አልኩ። በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

ደንበኞቹ ሲወጡ ሰውዬው ውሃ ሰጠኝና፣ አባባ ይተዉት ያልኩት በምክንያት ነው አለኝ። ሚስትህ ማሽኑን ይዛ የመጣች ጊዜ፣ ይህንኑ አስቀያሚ ካርድ መርጦ ሰክቶላት ነበር። ሠራ። እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሌላ ፎቶ አየች፤ እሱም እናንተ ሦስታችሁ ነበራችሁበት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ፎቶውን አጠፋችው። ካርዱን በገዛ እጇ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ የሚገባ ግን የማይሠራ ካርድ ስጠኝ አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሚሠራ ስጠኝ ሲሉኝ ነው የኖርኩት አላት። አማቴ ሽማግሌ ናቸው፣ አለችው፤ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት፣ ይህን ካዩ ይሞቱብኛል። ለማንም እንዳይናገር አስምላው ወጣች። ሥራህን አታውቅም ብዬ መሐላውን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ።

እኔን ነው እንግዲህ የጠበቀችው። የእሷ ሆድ እየነደደ፣ እኔ ጺሜን ተላጭቼ ከፊቷ ስቀመጥ፣ የማይሠራ ካርድ አብራኝ እፍ እያለች ትወለውላለች!

አሁንም ኮትህ ላዬ ላይ ነው። እጅጌውን አየሁት። የተቆረጠ እጅጌ ተመልሶ አይረዝምም። እኔ ጅሉ ይሞቀኛል ስል፣ እሷ ያንተን ነገር መቀሷን ይዛ ጨርሳው ነበር።

ስማኝ። ሌላ ሴት ማግኘትህ አይደለም ያንገበገበኝ። ሩቅ አገር ሰውን ይለውጣል፤ ያደርጋል። ማስጠበቅህ ነው። ሂጂ፣ ሕይወትሽን ኑሪ ብትላት ምላስህ ይቆረጥ ነበር? በየደብዳቤው ትንሽ ታገሺ ትላታለህ። እሷ አንብባልኝ ቀና ስትል፣ እኔ ደግሞ ከአጠገቧ ሆኜ ልክ ነው ልጄ ታገሺ እላታለሁ። የተቀደደውን የጎማ ካላማዳሪ የላክኸው አንተ፣ ቁጭ ብዬ የነፋሁት እኔ! በሙያዬ ነው የተጫወትክብኝ። ላም አለኝ በሰማይ አስባልካት፣ እኔን ደግሞ የላሟ ጠባቂ አደረግኸኝ።

አሁን ወረቀቱን ሰውዬው እንዲልክልህ ትቼለት ወደ ቤት እሄዳለሁ። ይህን ፎቶ አጥፋው አልኩት ሰውዬውን። ከዚያ ቆይ አልኩትና ሕፃኑን አንዴ ደግሜ አየሁት። ከዚያ አጠፋው። ወፍራሙን ካርድ አስነቅዬ ቀጭኑን መልሼ አስከትቻለሁ። ሠራ ወይ አባባ ትለኛለች። አልሠራም፣ ልክ ነሽ፣ ማሽኑ አሮጌ ነው እላታለሁ። ብዬዎት አልነበር ትለኛለች። እንዲህ እየተዋሸን እንበላለን፣ እንጠጣለን። እሷ ስለ እኔ ሆድ ይፍጀው አለች፤ እኔም ስለ እሷ ሆድ ይፍጀው።

ግን ዝም ብዬ አላስቀምጣትም። ክፍሉን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ የእሱን አልጋ አውጪልኝ እላታለሁ። ደህና ሰው ከመጣልሽ በሬ ክፍት ነው፣ አባት ሆኜ የምድርሽ እኔ ነኝ እላታለሁ። ከሄደች እዚህ ቤት ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው የለም፤ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ትሂድ። ምን ነካዎት ብትለኝ፣ ምንም፣ ማሽኑ አሮጌ ነው እላታለሁ።

አንተን የማዝዝህ አንድ ነገር ነው። ለእኔ አትጻፍ፤ እሷ እያነበበች ዳግም እንድትቆስል አልፈልግም። ለእሷ ጻፍላት። በራስህ እጅ፣ ለብቻዋ፣ እውነቱን ጽፈህ ልቀቃት። ማሽን አትላክ። በዚህ ወረቀት ላይ ከላይ ያለውን የእሷን ጽሕፈት አይተኸዋል? ደህና አድርገህ እየው። ከእንግዲህ ለአንተ አትጽፍም።

ሕፃኑን እግዜር ያሳድገው፤ እሱ ያጠፋው ነገር የለም። ጆሮው የእኔ ነውና ደግ ደጉን ይስማበት። እናቱንም ክፉ አይንካት፤ ምን ብለህ እንደነገርካት እኔ አላውቅም። አንተን ልመርቅህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። የተውኩትን እግዜር ራሱ ይስማው። እንግዲህ ደህና ሁን። ዳቦውን እንዳትረሳ።

ሰውዬው ከታች የማን አባት ብዬ ልፈርምልዎት አለኝ። የእሷ በል አልኩት።

አባቷ